የቡናው ጭስ
ዛሬ እናቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ነበር። የተቆላውን ይዛ ጭሱን ወደ እኔ ስታቀርበው ሆዴ ተገለባበጠ። እኔ ያለ ቡና ቀኔ የማይጀምረው ሴትዮ! ተነስቼ በረንዳ ወጣሁ። እማዬ ተከትላኝ መጣችና ፊቴን ትኩር ብላ አየችው። «ወር አበባሽ መቼ ነበር?» አለችኝ ቀስ ብላ።

መልሱ ስልኬ ላይ አለ። ለማርገዝ ስንሞክር ሰባት ወር ሙሉ በየጠዋቱ ከአልጋ ሳልነሳ ሙቀቴን ስለካ ነበር። እንቁላል ከወጣ በኋላ ሙቀት ከ0.2 እስከ 0.5 ዲግሪ ይጨምራል፣ ወር አበባ ሊመጣ ሲል ደግሞ ብዙ ጊዜ ይወርዳል፤ የኔ ግን ከፍ እንዳለ 18 ቀን አለፈው። ጡቴን ያመኛል፣ ሌሊት ሁለቴ ለሽንት እነሳለሁ፣ ግን ባለፉት ወራት ተስፋ አድርጌ ስላለቀስኩ ድካም ነው ብዬ ዝም አልኩ።

እህቶቼ፣ እኔ ለወራት የተሳሳትኩት እዚህ ጋ ነው። ሙቀቱ የሚነግርሽ እንቁላሉ ከወጣ በኋላ ነው፣ እንቁላሉ ደግሞ ከአንድ ቀን በላይ አይቆይም። ቀድሞ የሚጠቁመው እንደ ጥሬ እንቁላል ነጭ የሚሳበው ፈሳሽ ነው። የወንድ ዘር ማህፀን ውስጥ እስከ 5 ቀን ሊቆይ ስለሚችል ለማርገዝ ዋናዎቹ ቀናት ይህ ፈሳሽ የሚታይባቸው ናቸው። ይህን ያስረዳችኝ አንዲት አዋላጅ ነርስ ናት፣ እግዜር ይስጣት።

ማታ ከፋርማሲ የእርግዝና መመርመሪያ ገዛን። የጠዋት የመጀመሪያ ሽንት ይሻላል ስላሉን ነገን እየጠበቅን ነው። ባለቤቴ አላርሙን ለ11 ሰዓት ሞልቶታል፣ ግን እስካሁን ሁለታችንም አልተኛንም።