አስር ሰከንዱ ከየት መጣ?

የዶከር ኮንቴይነሬን (ፕሮግራሞችን ከሌላው ለይቶ የሚያስኬድ ሳጥን) ባቆምኩት ቁጥር ድፍን አስር ሰከንድ ይፈጅ ነበር። ለወራት ችላ አልኩት። አንድ ቀን ግን ወርከሩ (ከጀርባ ሥራ የሚሠራው ፕሮግራሜ) ስራውን አጋምሶ ተቋረጠ፤ መውጫ ኮዱን ሳየው 137 ነው፣ ማለትም 128 ሲደመር 9፤ 9 ደግሞ ሲግኪል፣ ፕሮሰስን በግድ የሚገድል ሲግናል ነው። ለካ ዶከር መጀመሪያ ሲግተርም (“ራስህ ዝጋ” የሚል ሲግናል) ይልካል፣ 10 ሰከንድ ይታገሣል፣ መልስ ሲያጣ ይገድላል።

ጥፋቱ የራሴ ነበር። ኢንጂንኤክስን (ዌብ ሰርቨሩን)፣ ክሮንንና (ሥራን በተቀጠረለት ሰዓት የሚያስነሳውን) ወርከሩን የሚያስነሳ የባሽ ስክሪፕት ጽፌ ፒአይዲ 1 (የኮንቴይነሩ የመጀመሪያ ፕሮሰስ) አድርጌዋለሁ። ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ደግሞ ፒአይዲ 1ን ለይቶ ነው የሚያየው፤ ፕሮሰሱ ራሱ ሃንድለር (ሲግናሉን የሚቀበል ኮድ) ካላዘጋጀ ሲግተርሙ እንዳልተላከ ይቆጠራል። ስክሪፕቴ አላዘጋጀም፣ ለልጆቹም አላስተላለፈም።

ኤግዜክ (ስክሪፕቱን በወርከሩ የሚተካ ትእዛዝ) ጨምሬ ወርከሩን ፒአይዲ 1 አደረግኩት። ሲግናሉ ደረሰ፤ ከሳምንት በኋላ ግን ዞምቢ (ሞቶ ከዝርዝሩ ያልተሰረዘ ፕሮሰስ) ተደርድሮ አገኘሁ። ወላጅ የሞተባቸው ፕሮሰሶች የሚሰጡት ለፒአይዲ 1 ነው፤ የኔ ወርከር ደግሞ የሌላውን ሬሳ ማንሳት አያውቅም።

ሰርቪሱ አንድ ቢሆን ኖሮ እዚሁ ይበቃኝ ነበር፤ ከዶከር 1.13 ወዲህ ያለው የኢኒት አማራጭ ቲኒ የምትባል ትንሽ ፕሮግራም ያስገባል፣ ሁለቱንም ችግር ትፈታለች። የኔ ግን ሦስት ናቸው።

ስለለመድኩት ሲስተምዲን (የሊኑክስ ሰርቪሶችን የሚያስተዳድር ፕሮግራም) ሞከርኩ። ሎጉ ሁሉ ጆርናል (የሲስተምዲ የራሱ መዝገብ) ውስጥ ገብቶ ዶከር ሎግስ ባዶ ቀረ። ለኮንቴይነሩ የሰጠሁት የኢንቫይሮመንት ቫሪያብልም (ከውጭ የሚሰጥ ማስተካከያ እሴት) ለሰርቪሶቹ አልደረሰም። ይባስ ብሎ፣ ሲስተምዲ ሲግተርም ሲደርሰው አይዘጋም፣ ራሱን እንደገና ይጭናል እንጂ፤ እንዲዘጋ የሚፈልገው ሲግአርቲሚን+3 የሚባል ሌላ ሲግናል ነው። አስሯ ሰከንድ ተመልሳ መጣች! (የዶከር አቻ የሆነው ፖድማን ሲስተምዲን ካየ ይህን ራሱ ያስተካክላል፤ እኔ ግን ዶከር ላይ ነበርኩ።)

በመጨረሻ ኤስ6 ኦቨርሌይ (ለኮንቴይነር የተሠራ የሰርቪስ አስተዳዳሪ) ላይ ረጋሁ። ሎጉ በቀጥታ ይወጣል፣ አዘጋጉም ሥርዓት አለው። ያልጠበቅኩት ነገር ግን የወደቀን ሰርቪስ ያለማቋረጥ እንደሚያስነሳው ነበር። የተበላሸ ኮንፊግ ይዤ ወርከሩ በየሰከንዱ ሲወድቅና ሲነሣ ዶከር ኮንቴይነሩን “አፕ” እያለ ያሳየኝ ነበር፤ ግማሽ ቀን ተሸወድኩ። አሁን ወርከሩ በስህተት ከወጣ ፊኒሽ ስክሪፕቱ (ሰርቪስ ሲወጣ የሚሮጠው) ኮንቴይነሩን በሙሉ ያወርደዋል፤ ሄልዝቼክም (ሥራውን በየጊዜው የሚፈትሽ) ጨምሬያለሁ።

ክሮኑን ወደ ሌላ ኮንቴይነር አወጣሁት። ኢንጂንኤክስና ወርከሩ በአንድ ዩኒክስ ሶኬት (በአንድ ማሽን ላይ ፕሮግራሞች የሚገናኙበት ፋይል) ስለሚነጋገሩ አብረው ቀርተዋል።