ሉቃስ 15ን ለጽዋ ማኅበራችን እንዴት እንዳነበብኩት

የመድኃኔዓለም ጽዋችን በየወሩ በ27 ነው። ጠበል ጸዲቁ ከመቀመሱ በፊት አጠር ያለ ንባብ አለን። አብዛኛውን ጊዜ የሚያነቡልን ቄሱ ናቸው። አንድ ወር ግን የማኅበሩ ሙሴ (መሪያችን) «የሚቀጥለውን አንቺ ያዢልን፤ የሰንበት ተማሪ አይደለሽ እንዴ?» አሉኝ። እሳቸውን እምቢ ማለት አይቻልም። ሉቃስ ምዕራፍ 15ን መረጥኩ።

ሁሉም የሚያውቀው ምዕራፍ ነው። ችግሩም እሱ ነው። «የጠፋው ልጅ» ስትሉ አድማጩ ቀድሟችሁ መጨረሻው ላይ ይደርስና ሐሳቡ ወደ ጓዳ ይሄዳል። ስለዚህ ከዘፍጥረት 3 ጀመርኩ።

አዳም በልቷል፤ ዛፎች መሐል ተደብቋል። እግዚአብሔር «ወዴት ነህ?» ይለዋል። ያለበት ጠፍቶበት አይደለም፤ ራሱ ወጥቶ እንዲናገር ዕድል ሲሰጠው ነው። አዳም ግን «የሰጠኸኝ ሴት» አለ። ጥፋቱን ወደ ሔዋን፣ አለፍ ሲልም ወደ ሰጪው ገፋው። በላ፣ ተደበቀ፣ አሳበበ። ስለ ኃጢአት ለመናገር ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ሆን ብዬ ዝርዝር አላወጣሁም። ሐሜት፣ መጠጥ፣ ቂም እያሉ ቢዘረዝሩ ሰው የሚያስበው የጎረቤቱን ነው። ማሳበብ ግን ሁላችንም ቤት አለ።

ከዚያ አባቶች የሚያስተምሩትን አነሳሁ። አዳም አልቅሶ ንስሐ ሲገባ «በአምስት ቀን ተኩል ከልጅ ልጅህ ተወልጄ አድንሃለሁ» የሚል ተስፋ ተሰጠው። አንዱ ቀን እንደ ሺህ ዓመት ተቆጥሮ 5500 ዘመን ይሆናል። የዐቢይ ጾም የመጀመሪያው እሑድ፣ ዘወረደ፣ የሚያስበውም የፈላጊውን፣ የክርስቶስን፣ መምጣት ነው።

ወደ ሉቃስ ስመለስ ሰው የሚዘላቸውን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቁጥሮች ጮክ ብዬ አነበብኩ። ቀራጮችና ኃጢአተኞች ሊሰሙት ቀርበዋል። ፈሪሳውያንና ጻፎች ደግሞ «ይህስ ኃጢአተኞችን ይቀበላል፣ ከእነርሱም ጋር ይበላል» እያሉ ያንጎራጉራሉ። የምዕራፉ ሦስት ምሳሌዎች፣ የጠፋው በግ፣ የጠፋው ድሪም (የብር ገንዘብ) እና የጠፋው ልጅ፣ ለዚህ ማንጎራጎር የተሰጡ መልሶች ናቸው። ይህን ትታችሁ ካነበባችሁ ግማሹ ይቀራል።

በጉ ላይ ስደርስ ማብራራቱን ትቼ «በግ የጠበቀ አለ?» ብዬ ጠየቅሁ። ከሁሉ የተሻለው ውሳኔዬ ይሄ ነበር። መንዝ ያደጉ አንዲት እማማ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «የጠፋች በግ እኮ ተመልሳ አትመጣም ልጄ» አሉ። «ከፈራች ትተኛለች። ብትጎትቻት አትነሳም። አንስተሽ ትሸከሚያታለሽ እንጂ።» አንዱ «ዘጠና ዘጠኙንስ ለማን ትቶ ሄደ?» ሲላቸው «ለባልንጀራው እረኛ አደራ ብሎ ነዋ!» ብለው ዘጉት። ቄሱ ፈገግ አሉና የሊቃውንቱን ትርጓሜ ጨመሩበት፦ ዘጠና ዘጠኙ መላእክት፣ የጠፋው አዳም ከነልጆቹ። አደራ ጠባቂ የማያስፈልጋቸው በጎች ማለት ነው።

ድሪሙ ላይ ቆየሁ፤ ሰባኪዎች ቶሎ ያልፉታል። አንድ ድሪም የቀን ሠራተኛ ውሎ የሚያገኘው ያህል ነበር። ሴትየዋ አሥር አላት፤ አንዱ ጠፋ። መብራት አበራች፣ ቤቱን ጠረገች። በጉ የጠፋው ሜዳ ነው፤ ድሪሙ ግን እቤት ውስጥ ነው የጠፋው። መጥፋቱንም አያውቅም። እዚህ ላይ ሙሴያችን «እኛን ነው የምትይው?» አሉና ሁሉም ሳቀ። ልክ ነበሩ።

ልጁ ላይ ያሳየኋቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። እሪያ እየጠበቀ ሳለ ለአባቱ የሚለውን ያዘጋጃል። በድያለሁ ሊል ነው፣ ልጅህ ልባል አይገባኝም ሊል ነው፣ ከሞያተኞችህ እንደ አንዱ አድርገኝ ሊል ነው። ቤት ሲደርስ ቁጥር 21 ላይ ያለውን ተመልከቱ። የመጨረሻዋ የለችም። አባትየው ሳያስጨርሰው ልብስ፣ ቀለበት፣ ጫማ አዘዘ።

አንድ ወጣት «ታዲያ እሱ ከፈለገን ንስሐው ለምንድን ነው?» አለ። ይህን ለቄሱ አስተላለፍኩ፤ ከአቅም በላይ የሆነውን ለባለቤቱ መስጠት ነው የሚሻለው። «ልጁም ተነስቷል» አሉ። «መነሳቱ ንስሐ ነው። ግን አባቱ መንገድ መንገዱን ሲያይ ባይቆይ ገና ሩቅ ሳለ እንዴት አየው? ለነፍስ አባትህ ስትናገርም የሚጠብቅህ ይህ አባት ነው።» ለጸሎት ደግሞ የመዝሙር 118ን (በአንዳንድ መጽሐፍ ቅዱስ 119) የመጨረሻ ቁጥር ሰጡት። 176 ቁጥር ሙሉ ሕጉን ሲያወድስ የቆየው መዝሙረኛ የሚጨርሰው እንደ ጠፋ በግ መቅበዝበዙን ተናግሮ «ባሪያህን ፈልገው» እያለ ነው።

የታላቁ ልጅ ክፍል እንደዚያ ያከራክራል ብዬ አልጠበቅሁም። ነጋዴው ጋሼ ተቆጡ። «ይሄ ልጅ ምን አጠፋ? ዕድሜውን ሙሉ ለፍቶ አንድ ጠቦት እንኳ አልተሰጠውም!» አሉ። እኔም አባትየው ለእሱም እንደወጣ አሳየኋቸው። ለታናሹ ሮጠ፤ ለታላቁ ደግሞ ድግሱን ጥሎ ደጅ ድረስ ሄዶ ለመነው። ሉቃስ ገባ ወይም አልገባም አላለንም።

«እኔ ብሆን አልገባም» አሉ ጋሼ።

እስከ ቡናው ሦስተኛ ድረስ አልተዋጠላቸውም። ቀጣዩ ተራ የእሳቸው ነው፤ ክርክሩን እቤታቸው እንቀጥላለን ተባብለናል። ንባቡም እንደገና ለእኔ ተሰጥቷል። ሉቃስ 19ን፣ የዘኬዎስን፣ ይዤ ልሄድ ነው።