ከልዩ ፍላጎት ታዳጊዎች ጋር ቴአትር ስንሠራ፦ የሻንጣው ቴአትር

ቴአትራችን ሐሙስ ማታ ታየ። ይህን የምጽፈው እንደኔ ከልዩ ፍላጎት ልጆች ጋር ድራማ ለምትሠሩ፣ ወይም ለመጀመር ለምታስቡ ነው። በተለይ በአፉ የማይናገር ልጅ ቴአትሩን እንዴት እንደመራው በዝርዝር ላጫውታችሁ።

ለአዲስ አንባቢ፦ በየዓመቱ ከእስራኤል አሜሪካ ላሉ የአይሁድ ሰመር ካምፖች ከሚላኩት ወጣቶች አንዱ ነኝ። ማሳቹሴትስ ባለ ካምፕ ውስጥ ኦቲዝም፣ ዳውን ሲንድሮምና የአእምሮ እድገት ውስንነት ካላቸው ታዳጊዎች ጋር ድራማ እሠራለሁ። መንገዱን የጠረጉልን ሌሎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1970 ኸርብና ባርባራ ግሪንበርግ የተባሉ ባልና ሚስት የልዩ ፍላጎት መምህራን፣ ኒውዮርክ ግሌን ስፔይ በነበረው ራማ የተባለ የአይሁድ ካምፕ ውስጥ ቲክቫ የተባለውን የልዩ ፍላጎት ልጆች ፕሮግራም ሲከፍቱ ብዙዎች «ካምፑ ይረበሻል» ብለው ፈርተው ነበር። ዛሬ ልጆቻችን ከሌሎቹ ጋር አንድ አዳራሽ ይበላሉ፣ አንድ መድረክ ላይ ይወጣሉ።

እንዲህ ባሉ ካምፖች የታወቁ ሙዚቃዊ ድራማዎችን በዕብራይስጥ ማሳየት የቆየ ልማድ ነው። እኛ ግን የራሳችንን ለመፍጠር ወሰንን። የተዘጋጀ ተውኔት አንድ ዋና ገጸ ባሕርይ ይኖረውና የተቀሩት ከኋላ ቆመው ይዘምራሉ፤ የኔ ልጆች ደግሞ ከኋላ መቆሙን በቂ ጊዜ አይተውታል።

ሐሳቡ ከራሳቸው መጣ። ከቤት ምን ይዘው እንደመጡ ስንጠይቃቸው አንዱ የከተማውን አውቶቡሶች ካርታ አወጣ። አንዲቷ አያቷ የጠለፈችላትን የሰንበት ዳቦ መሸፈኛ ጨርቅ አሳየችን። ታሪኩ ከዚያ ተወለደ፦ ባለቤቱ የማይታወቅ ሻንጣ ካምፑ ይደርሳል፤ እያንዳንዱ ተዋናይ አንድ ዕቃ እያወጣ የማን እንደሆነ ይገምታል። ሻንጣው በየትዕይንቱ በአንድ ዓይነት መንገድ ይከፈታል። ቀጥሎ የሚመጣውን ማወቅ ለብዙዎቹ እረፍት ነው፤ ይህን ካገኙ በመካከሉ የፈለጉትን ለመፍጠር ድፍረት ያገኛሉ።

ጽሑፍ አልነበረንም። የየትዕይንቱን ፎቶ በገመድ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ሰቀልን፤ ተራውን የጨረሰ ፎቶውን አንሥቶ ሣጥን ውስጥ ያስገባል። መቆሚያቸውን ወለሉ ላይ በቀለም ቴፕ ምልክት አደረግን።

አሁን ወደ ልጁ ልምጣ። በአፉ አይናገርም፤ ሲጫኑት የተቀዳ ድምፅ የሚያሰማ ትልቅ ቀይ ቁልፍ አለው። ቁልፉ ላይ «ክፈቱ!» የሚለውን ቃል የቀዳለት አብሮት የሚያድር እኩያው ነው፤ የአዋቂ ድምፅ አልፈለግንም። መጀመሪያ ላይ ጥያቄ ተጠይቆ ሲመልስ ነበር የምናለማምደው። አንዳንዴ ወዲያው ይጫናል፣ አንዳንዴ ረጅም ጊዜ ይቆያል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገለበጥነው። ቁልፉ መልስ መሆኑ ቀርቶ ትእዛዝ ሆነ፦ እሱ ሳይጫን ማንም ሻንጣውን አይነካም። ሁሉም እጃቸውን ዘርግተው ሻንጣው ላይ አጎንብሰው ይጠብቃሉ። ሲጫን ዘለው ይከፍቱታል።

ነገሩ የገባው ቶሎ ነው። ተጭኖ ሁሉም ሲዘሉ አየና ከልቡ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ሆን ብሎ ያስጠብቃቸው ጀመር። መዳፉን ቁልፉ ላይ ያሳርፍና አይጫንም፤ አንድ በአንድ ፊታቸውን ያያል፤ አንዱ መታገሥ አቅቶት ሲንቀሳቀስ፣ ያኔ ይጫናል። ይህ ትወና ነው፤ ማንም ያላስተማረው ትወና።

ከልጆቹ ጋር የሚያድሩት ማድሪኮች (የካምፑ ወጣት አስተባባሪዎች) ላይ ያጠበቅኩት አንድ ሕግ ነበር፦ ክርኑን ይዞ ማስጫን ክልክል ነው። በፍቅር የሚደረግ እርዳታ ነው፤ ሆኖም የልጁን ድርሻ ይነጥቀዋል። ካልተጫነ ሁላችንም እንጠብቃለን።

ቀኑን ሐሙስ ያደረግነው ዓርብ የሰንበት ዝግጅት ስላለ፣ በአይሁድ ሰንበት ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ድምፅ ማጉያና ቁልፍ መጠቀም ጥያቄ ስለሚያስነሣ ነው። ጭብጨባ ለሚረብሻቸው ስንል ታዳሚው እጁን ወደ ላይ እያውለበለበ እንዲያደንቅ ምሳ ላይ አስቀድመን አለማመድን። መብራትም ጨርሶ አላጠፋንም።

በዕለቱ ባለካርታው ልጅ በልምምድ ካለው በላይ ፌርማታዎችን ዘረዘረ። ማንም አላቋረጠውም፤ ታዳሚው ውስጥ የሱን መስመር የሚያውቁ ነበሩና ከፌርማታ ፌርማታ አብረውት ሄዱ። ባለጨርቋ በዳቦው ላይ የሚባለውን ቡራኬ ጀምራ ቆመች። ጓደኛዋ ከቴፑ ወጥቶ አጠገቧ ቆመና አብረው ጨረሱት። ለሚቀጥለው ቡድን ስናለማምድ ይህ በትዕይንቱ ውስጥ ይገባል፤ ከኛ ሐሳብ ይበልጣል።

ቀጥሎ ለልጁ ሁለተኛ ቁልፍ እንጨምራለን፤ «ቆዩ!» የሚል፣ በሌላ ቀለም። መክፈትም ማስቆምም በእጁ ይሆናል። ሁለት ቁልፍ ጎን ለጎን የሞከራችሁ ካላችሁ፣ በምን ያህል ርቀት እንዳስቀመጣችኋቸውና ልጁ ለመለየት የረዳው ምን እንደነበር ጻፉልኝ።