የማላየው ደሴት ትኬት

ሲሼልስ፣ ፕራስሊን ደሴት። ቫሌ ደ ሜ በሚባለው የዘንባባ ደን ሸለቆ በር ላይ ጓደኛዬ የመግቢያውን ዋጋ አይታ «ዛፍ ለማየት ነው ይሄ ሁሉ?» አለች። ዋጋው በእርግጥ ይቆነጥጣል። ግን እዚያ ድረስ ተሂዶ ከበር አይመለስም፤ ከፍለን ገባን።

ውስጡ ጨለም ይላል። ሰማዩን የዘንባባ ቅጠል ሸፍኖታል፤ አንዱ ቅጠል ብቻ ለአንድ ቤተሰብ ጥላ ይበቃል። ነፋስ ሲነሳ ቅጠሎቹ ይጋጫሉ፣ ድምፁም ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ነው። ዛፉ ኮኮ ደ ሜር ይባላል። በተፈጥሮ የሚበቅለው በፕራስሊንና በጎረቤቷ ኩሪዩዝ ብቻ ነው። ፍሬው በዓለም ካሉት የዕፅዋት ዘሮች ሁሉ ከባዱ ነው፤ እስከ 25 ኪሎ ይደርሳል። ለመብሰል 6 ወይም 7 ዓመት ይፈጅበታል። ስለ ቅርጹ እኔ አልናገርም፣ ፎቶውን ፈልጋችሁ እዩትና ሳቁ። ወንዴውና ሴቴው ዛፍ ለየብቻ ናቸው። ማዕበል በሚነሳበት ሌሊት ዛፎቹ ከቦታቸው ተነስተው ይገናኛሉ፣ ያያቸው ሰው ግን ክፉ ያገኘዋል የሚል ተረት አላቸው። አስጎብኚያችን፣ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ሴት፣ ይህን ሲነግሩን ፈገግ እንኳ አላሉም።

እዚሁ ሸለቆ ውስጥ በ1881 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) እንግሊዛዊው ጄኔራል ቻርልስ ጎርዶን ገብቶ ነበር። ዙሪያውን አይቶ ኤደን ገነት ይህ ነው፣ መልካሙንና ክፉውን የሚያሳውቀው ዛፍም ኮኮ ደ ሜር ነው ብሎ አመነ። አዎ፣ ያው ጎርዶን ፓሻ ነው፤ በ1879 የግብፅን ጉዳይ ይዞ ደብረ ታቦር መጥቶ ከአፄ ዮሐንስ ጋር ሳይግባባ የተመለሰው። ከኤደን የወጣው ግዮን የኢትዮጵያን ምድር እንደሚከብብ እየሰማሁ ላደግሁት ለእኔ ነገሩ ትንሽ አናዶኛል። ሰውዬው ጣና አጠገብ ደርሶ ተመልሶ ገነትን ሕንድ ውቅያኖስ ላይ አገኛት!

ከመንገዱ መውጣት አይፈቀድም። የወደቀ ፍሬ ማንሳትም ክልክል ነው። ፍሬው ውድ ስለሆነ ይሰረቃል፤ ሁሉም ከተለቀመ ደግሞ የሚተካ ዛፍ አይኖርም። ለሽያጭ የሚቀርበው በፈቃድና በማረጋገጫ ወረቀት ነው። አፈሩ ድሃ ነው። ዛፉም ራሱን በብልሃት ይመግባል፤ ሰፊው ቅጠል የዝናቡን ውኃ ከአበባ ብናኝና ከቆሻሻ ጋር ሰብስቦ በግንዱ ላይ አውርዶ ሥሩ ድረስ ያደርሰዋል። እዚህ ላይ ቆሜ ብዙ አየሁ።

ጓደኛዬ ግን የበሩ ነገር ከሆዷ አልወጣም። «ገንዘቡ የት ነው የሚገባው?» ብላ አስጎብኚያችንን ጠየቀቻቸው። «አልዳብራ» አሉ።

ቫሌ ደ ሜንም ሩቅ ደሴቱን አልዳብራንም የሚያስተዳድረው አንድ ተቋም ነው፤ የሲሼልስ ደሴቶች ፋውንዴሽን። ሁለቱም የዩኔስኮ ቅርስ ናቸው፤ አልዳብራ በ1982፣ ሸለቆው በ1983 ተመዘገቡ። አልዳብራ ከዋናዋ ደሴት ከማሄ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። አውሮፕላን ማረፊያ የለውም። ከ100,000 በላይ ግዙፍ ኤሊዎችና ጥቂት ተመራማሪዎች ይኖሩበታል። በ1960ዎቹ እንግሊዝ የጦር አውሮፕላን ማረፊያ ልትሠራበት አስባ ነበር። ሳይንቲስቶች ጮኹ፣ በ1967 ዕቅዱ ቀረ። እንዲህ ያለ ቦታ ቱሪስት እንደ ልብ አይደርስበትም፤ ስለዚህ ራሱን በትኬት አያኖርም። የሚያኖረው ሰው የሚመላለስበት የፕራስሊን ሸለቆ ነው። እኔ ከፍዬ የገባሁት ለሁለት ቦታ ነበር፣ ሁለተኛውን ደግሞ መቼም የማየው አይመስለኝም።

በ2019 በጎ ፈቃደኞች አልዳብራ ሄደው 25 ቶን ያህል ቆሻሻ ለቅመዋል። የቀረው 500 ቶን ገደማ ይሆናል ተብሎ ተገምቷል። አብዛኛው ክብደት የዓሣ ማጥመጃ መረብና ገመድ ነው። ነጠላ ጫማውም ለጉድ ነው፣ በመቶ ሺዎች ይቆጠራል። ከጥቂት ተመራማሪ በቀር ሰው በማይኖርበት ደሴት የዚህ ሁሉ ሰው ጫማ! ማዕበል ከሌላ አገር ያመጣው ነው እንጂ ኤሊዎቹ አልገዙትም።

አሠራሩ ብልህ ነው፣ ግን ልቤ ሙሉ በሙሉ አልተቀበለውም። በ2020 ኮሮና መጥቶ ቱሪስት ሲቀር ትኬት ቆራጭ ጠፋ፣ የአልዳብራም ገቢ አብሮ ደረቀ። ኤሊዎቹን የሚጠብቀው ሰው ደሞዝ በእኔ የእረፍት ፕሮግራም ላይ መንጠልጠሉ ደስ አይልም። ከሁሉ የሚገርመኝ ደግሞ መረቡን ባሕር ላይ ጥሎ የሚሄደው መርከብ የጽዳቱን ሒሳብ አለመክፈሉ ነው። ዛፍ ልታይ የመጣችው ጓደኛዬ ትከፍልለታለች። ቅሬታዋ ትክክል ነው፤ የተናገረችበት በር ነው የተሳሳተው። ይህንን ብነግራት «እሺ፣ መርከቡን የት ላግኘው?» አለችኝ።

በማግስቱ በጀልባ ወደ ኩሪዩዝ ተሻገርን። ድሮ የሥጋ ደዌ ሕሙማን የሚገለሉባት ደሴት ነበረች፣ የሐኪሙ ቤት አሁን ሙዚየም ሆኗል። ከ1979 ጀምሮ የባሕር ፓርክ ናት። እዚህ ከአልዳብራ የመጡ ኤሊዎች በነፃነት ይዞራሉ። አንገታቸው ሥር ሲታከኩ በአራት እግራቸው ቀጥ ብለው ይቆማሉ፣ አንገታቸውንም ያስረዝማሉ። ግልገሎቹ ግን ለብቻቸው በአጥር ውስጥ ናቸው። ለምን ብለን ጠየቅን። ሰው ስለሚሰርቃቸው እስኪያድጉ እዚያ ይቆያሉ አለን ጠባቂው፣ ከዚያም ቅጠል ሊያጎርሳቸው ሄደ።