የእማዬ እግር
ዛሬ እማዬን አጥንት ሐኪም ጋ ይዣት ሄጄ ነበር፣ ያ አውራ ጣቷ ስር ወደ ጎን የወጣው ነገር ስንት ጊዜ "ብርድ ነው" እየተባለ ታሽቷል መሰላችሁ። ኤክስሬዩን ሲያሳየን ግን ትርፍ አጥንት በቅሎ አይደለም፣ የራሷ አጥንት ወደ ሌላኛው እግር በኩል ገፍቶ ወጥቶ አውራ ጣቷ ደሞ ሁለተኛው ጣት ላይ ተጋድሟል፣ ቡንየን ይሉታል። ማሸት አይመልሰውም። በዘርም ይመጣል (የኔና የእህቴ እግር ቁርጥ የሷን ነው!)፣ ጠባብና ሹል ጫማ ደሞ ያባብሰዋል። ለጊዜው ፊቱ ሰፊ፣ ተረከዙ ዝቅ ያለ ጫማ፣ ሲያብጥባት በረዶ በጨርቅ ጠቅልሎ መያዝ፣ ጣት መሀል የሚገባው ሲሊኮንም አለ፣ እሱ ህመሙን ቢያስታግስ ነው እንጂ አጥንት አያቃናም። ኦፕራሲዮን ለመልክ ተብሎ አይሰራም፣ ህመሙ ከስራ ከመንገድ ሲያስቀራት ብቻ ነው አለን። ሰፋ ያለ 39 ቁጥር የሴት ጫማ የት እንዳለ የምታውቁ በናታችሁ ጠቁሙኝ፣ ነገ ልገዛላት ነው።