ወንድሜን ሳልጠይቅ አልወስንም

ታናሽ ወንድሜ ዳውን ሲንድረም (አብሮት የተወለደ፣ መማርንና መናገርን የሚያዘገይ ሁኔታ) ያለበት ጎልማሳ ነው። እናታችን ካረፈች ወዲህ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አብረን እንኖራለን። አደራውን ስቀበል ለራሴ ያስቀመጥኩት ደንብ አንድ ነው፦ በእሱ ጉዳይ እሱን ሳልጠይቅ አልወስንም።

ደንቡ ጊዜ ይፈልጋል። ጠዋት «ምን ትለብሳለህ?» ብለው ጥያቄው ይሰፋበታል። ስለዚህ ሁለት ሸሚዝ አልጋው ላይ ዘርግቼ ዝም እላለሁ። አንዱን ያያል፣ ሌላውን ያያል፣ ጨርቁን በጣቶቹ ያሻሻል፤ ቆይቶ የወደደውን ደረቱ ላይ ይለጥፋል። ካጣደፍኩት ግን መጨረሻ የጠራሁትን ቃል ይደግምልኛል፤ ይህ ምርጫ አይደለም። ስጠራጠር ቅደም ተከተሉን ገልብጬ እንደገና እጠይቀዋለሁ።

ገላውን የሚታጠበው ራሱ ነው። ጀርባውን ለማሸት «እቴቴ» ብሎ ሲጠራኝ ብቻ አንኳኩቼ እገባለሁ። «እንደ ሕፃን አይደል፣ ምን ያፍራል?» የሚሉኝ አሉ። ሁሉም እንዳሻው የሚነካው ሰው ክፉ እጅ ሲመጣበት በምን ይለየዋል? ቤቱ ውስጥ «እምቢ» ማለትን ያልለመደ ውጭ ሊለው አይችልም።

እምቢታው ዘመድ ፊት የተፈተነው እንጦጦ ማርያም ጠበል ይወሰድ በተባለ ጊዜ ነው። እኔም አማኝ ነኝ። እሱ ግን ቀዝቃዛ ውኃ በራሱ ላይ ሲወርድ ይደነግጣል፤ «ቤተ ክርስቲያን እሺ፣ ውኃ እምቢ» አለ። አጎታችን «እሱ ምን ያውቃል?» ሲሉ፣ «ጋሼ፣ ሰውነቱ የእሱ ነው» አልኳቸው። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 12 የሚለውም ይህንኑ ነው፦ ሰው ለመወሰን ድጋፍ ቢያስፈልገው ድጋፉ ይሰጠዋል እንጂ ውሳኔው አይነጠቅም። ቅዳሴውን አስቀደሰ፣ ጠበሉን ጠጣ፣ አልተጠመቀም። ጋሼ አኩርፈው ከረሙ።

ምርጫውን ማክበር ግን እሱን ችላ ማለት አይደለም። አንድ ሰሞን ቀኑን ሙሉ ይተኛ፣ ይደክመው ጀመር። «የእነሱ ነገር እንዲሁ ነው» ተባልኩ። ዳውን ሲንድረም ባለባቸው ሰዎች አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ መድከም፣ ሰውን የሚያዝል ሕመም፣ ብዙ ጊዜ ስለሚታይ የደም ምርመራ ይደረግለት አልኩ። መርፌ ይፈራል። አስቀድመን ላቦራቶሪው ሄደን ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ የክንድ ማሰሪያውን ጎተተ፣ ተመለስን። ደሙን የሰጠው ሌላ ቀን ነው፤ ክንዱን የመረጠውም እሱ። ሐኪሙ እኔን እያየ «ምኑን ያመዋል?» ሲለኝ «እሱን ይጠይቁት» አልኩ፤ ጠየቀው፣ መለሰለት። ታይሮይዱ ደክሞ ተገኘ። አሁን ኪኒኑን ጠዋት በባዶ ሆዱ ራሱ ይውጣል።

ሰሞኑን የምንከራከረው በሚኒባስ ጉዳይ ነው። ለብቻው አያት ሰፈር መሄድ ይፈልጋል፤ እኔ እፈራለሁ። ለጊዜው ሒሳቡን እሱ ይከፍላል፣ «ወራጅ» የሚለውም እሱ ነው፣ እኔ ከኋላ ወንበር እቀመጣለሁ። የቀረን መኪናው መንገድ ቢቀይር ምን እንደሚያደርግ ነው፤ ስልክ ቁጥሬ የተጻፈበትን ካርድ ለረዳቱ ማሳየት እየተለማመድን ነው።