አራት ዓይነት ሒሳብ

የምሠራበት ድርጅት አስመጪ ነው። ሁላችንም የየራሳችን ኢሜይል አለን፣ ዋናው ሥራ ግን የሚሄደው በአንድ የጋራ አካውንት ነው። የአቅራቢ ፕሮፎርማ፣ የባንክ ደብዳቤ፣ የጉምሩክ አስተላላፊው ጭቅጭቅ፣ ሁሉም እዚያ ይወርዳል። የሚገባበትም ሰው ብዙ ነው። ሽያጭ ይገባል፣ ግዢ ይገባል፣ ሒሳብ ክፍል ይገባል፣ ሁሉም ደብዳቤውን አይቶ የመሰለውን ሌብል፣ ማለትም ጂሜይል ደብዳቤዎችን የሚለይበትን የስም ምልክት፣ ለጥፎበት ይወጣል። ሌብል እንዲህ ይጻፍ ብሎ ደንብ ያወጣ የለም።

ታዲያ «ሂሳብ» የሚል ሌብል አለ። «ሒሳብ» አለ። «ሂሣብ» እና «ሒሣብ»ም አሉ። እኛ ስናነበው አንድ ነው፣ ልብም አንለው። ኮምፒውተር ለየፊደሉ ቁጥር በሚሰጥበት ሥርዓት፣ በዩኒኮድ ውስጥ ግን ሂ እና ሒ የየራሳቸው ቁጥር አላቸው፣ ሳ እና ሣም እንደዚያው፣ ስለዚህ ለጂሜይል አራቱም የማይተዋወቁ ሌብሎች ናቸው። «ዕቃ» እና «እቃ»፣ «ደመወዝ» እና «ደሞዝ» እያላችሁ የቀረውን ራሳችሁ ሙሉት።

ሌላዋ ጉደኛ ያቺ ዘንበል ያለች መስመር ናት። አማርኛ ስናሳጥር ያለሷ አንኖርም፦ ጽ/ቤት፣ መ/ቤት፣ ት/ቤት። ጂሜይል ደግሞ ያቺን መስመር የሚረዳት «ከዚህ ሌብል ሥር ሌላ ሌብል አለ» ብሎ ነው። ከኛ በፊት የነበረው ሰው ሌብሎቹን በትእዛዝ ሲፈጥር እናቱንም (የበላዩን ሌብል) አብረህ ፍጠር የሚለውን አማራጭ ጨምሮበት ስለነበር፣ «ዋናው ጽ» የሚል ሌብል ተፈጥሮ ከሥሩ «ቤት» የሚል ልጅ ተቀምጦ ነበር። ማንም አልነካውም። ለምደነው ነበር።

ነገሩ የመጣው ኦዲት ሲደርስ ነው። የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ (ሁላችንም እትዬ ነው የምንላት) የዊዝሆልዲንግ (ከክፍያ ላይ ተቀናሽ ግብር) ደረሰኞች ግማሾቹ የሉም አለች። ነበሩ። እሷ የምትከፍተው «ሒሳብ»ን ነው፣ ደረሰኞቹ ግን በአራቱም ተበታትነዋል። አለቃችን አይቲ ክፍል ላለው ልጅ «ወደ አንድ አምጣልን» አለው። ልጁ አዲስ ቢሆንም ፈጣን ነው፣ ሥራም አይጠላም። ጋምን ያውቃል። ጋም ለድርጅት ጂሜይል አስተዳዳሪዎች የተሠራች ነፃ መሣሪያ ናት፤ ድረ ገጹ ላይ አንድ በአንድ እየጠቆምክ የምትሠራውን ትእዛዝ የሚጻፍበት ጥቁሩ መስኮት ላይ በአንድ መስመር ትጨርሰዋለህ።

የጻፈው ስክሪፕት (ተራ በተራ የሚፈጸም የትእዛዝ ዝርዝር) ለእያንዳንዱ ትርፍ ሌብል ሁለት መስመር ነው። የመጀመሪያው «ሂሳብ» ያለባቸው ደብዳቤዎች ላይ «ሒሳብ»ን ጨምር ይላል። ሁለተኛው «ሂሳብ» የሚለውን ሌብል ሰርዝ ይላል። ወረቀት ላይ ምን እንከን አለው?

ጋም ግን ጥንቁቅ ናት። ደብዳቤ ላይ የሆነ ነገር አድርጊ ስትላት መጀመሪያ «ዱ ኢት» የሚለውን ቃል ትፈልጋለች፣ ካላገኘች ምን ልታደርግ እንደነበር ብቻ ነግራህ ትቆማለች። ልጁ ይህን ያውቃል፣ ጽፎታል። ሁለተኛው ጥንቃቄዋ ቁጥር ነው። ስንት ደብዳቤ ድረስ እንድትነካ ካልነገርካት ገደቡ 1 ነው። ፍለጋው ከ1 በላይ ካመጣ ደግሞ አንዱን ነክታ ሌላውን አትተውም፣ አንዱንም አልነካም ብላ ማስጠንቀቂያ ትጽፋለች። ልጁ ያንን ቁጥር አልጻፈም። ስለዚህ ጋም እንቢ አለች፣ በትህትና፣ በእንግሊዝኛ፣ በአንድ መስመር። ስክሪፕቱ ደግሞ እንቢታ አይገባውም፣ ወደ ቀጣዩ መስመር አለፈ። ቀጣዩ መስመር ሌብሉን ሰርዝ ነው። ሌብል ለመሰረዝ ገደብም «ዱ ኢት»ም አያስፈልግም።

ሦስት ሌብል ባንዴ ሄደ።

ልጁ መጀመሪያ ላይ አልደነገጠም። «ደብዳቤ አልጠፋም እኮ» አለ፣ ልክም ነው። ጂሜይል ውስጥ ፎልደር የሚባል ነገር የለም፤ ኢንቦክስ ራሱ ሌብል ነው፣ አርካይቭ አደረግሁ ስትል ኢንቦክስ የሚለውን ሌብል አነሳህ ማለት ነው። ሌብል ሲሰረዝ ደብዳቤው ካለበት አይነቃነቅም። እትዬ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰማችውና «ልጄ፣ ደብዳቤው መኖሩን ማን ጠየቀህ? የቱ የኔ እንደሆነ ነው የምጠይቅህ» አለችው።

ከሁሉም ያስገረመኝ የእሷ መልስ ነው። ከኛ ሁላችን ቀድሞ የገባት እሷ ናት። ደብዳቤ ብታጠፋ ትራሽ ውስጥ 30 ቀን ይጠብቅሃል። ሌብል ትራሽ የለውም። የጠፋው ደግሞ ሰዎች ለዓመታት አንድ በአንድ እያነበቡ ይሄ የሒሳብ ነው፣ ይሄ አይደለም ያሉት ውሳኔ ነው። ያንን በቁልፍ ቃል ፈልገህ አትመልሰውም፤ ግማሹ ደረሰኝ ርዕስ እንኳ የሌለው ፎቶ ነው።

ያዳነን የአንዷ አካውንታንት ልማድ ነው። ኢንተርኔት እየሄደ እየመጣ ስላስቸገራት ደብዳቤዎቿን የምታነበው ተንደርበርድ በሚባል የኢሜይል ፕሮግራም ነበር። ጂሜይል እንዲህ ላለ ፕሮግራም ሌብሎቹን እንደ ፎልደር አድርጎ ነው የሚያሳየው፣ እሷም ሙሉ ቅጂ ላፕቶፗ ላይ እንዲቀመጥ አድርጋ ነበር። እና ዓመት ፈቃድ ላይ ናት። ላፕቶፑ ከተዘጋ ሰነባብቷል። ይህ ለኛ መልካም ዜና ነው፣ ምክንያቱም ከኔትወርክ ጋር ተገናኝቶ ቢከፈት ፕሮግራሙ ሰርቨሩ ላይ ፎልደሩ እንደሌለ አይቶ የራሱንም ቅጂ ያጠፋዋል።

ደወልኩላት።

«ላፕቶፕሽን ዛሬ ከፍተሽዋል?»

«ኧረ ፈቃድ ላይ ነኝ! ምነው?»

«አደራሽን፣ እንዳትከፍቺው። መጣን።»

በታክሲ ቤቷ ስንደርስ ዋይፋዩን ነቅላ ጠበቀችን። እናቷ ቡና አቅርበው «የሞተ ሰው አለ እንዴ?» ይላሉ፣ ሁለት ሰው በሥራ ሰዓት አንድ ላፕቶፕ ላይ ሲደፋ አይተው። ተንደርበርድን ጭራሽ አልከፈትነውም። ፋይሎቹ ያሉበትን ፎልደር እንዳለ ወደ ፍላሽ ገልብጠን ወጣን። የፋይሎቹ ስም አማርኛው ወደ ላቲን ፊደል ተቀይሮ ስለነበር የትኛው «ሂሳብ»፣ የትኛው «ሂሣብ» እንደሆነ የለየነው ውስጣቸውን እያየን ነው።

ቀጥሎ ያለው ሥራ የልጁ ነው፣ እውነት ለመናገር አምሮበታል። እያንዳንዱ ኢሜይል ሲላክ የራሱ መለያ ይታተምበታል፣ አናቱ ላይ «ሜሴጅ አይዲ» ተብሎ የሚጻፈው። የተንደርበርድ ፋይል ተራ ጽሑፍ ስለሆነ እነዚያን መስመሮች ለቅሞ ማውጣት ቀላል ነው። ጂሜይል ደግሞ በዚያ መለያ መፈለግ ይፈቅዳል። ስለዚህ ስክሪፕቱ ለእያንዳንዱ መለያ አንድ ደብዳቤ ፈልጎ «ሒሳብ»ን ይለጥፋል። ያ ጉድ የሠራን የ1 ገደብ እዚህ ላይ ሳንነካው ልክክ አለ፤ አንድ መለያ፣ አንድ ደብዳቤ። የማሮጡን ቁልፍ ከመጫኑ በፊት ግን የእያንዳንዱን ደብዳቤ የወቅቱን ሌብሎች ዘርዝሮ ኤክሴል ላይ አስቀመጠ፤ ማንም ሳይነግረው። የመሰረዣው ትእዛዝ ከሌላው ጋር አንድ ስክሪፕት ውስጥ እንዳይገባም አለቃችን ሳይሆን ራሱ ነው ያለው። እኔ ብሆን መሰረዙን ለሌላ ቀን አሳድረዋለሁ፣ ባዶ ሌብል ሁለት ሳምንት ቢቀመጥ ማንንም አይጎዳም።

አንዳንዶቹ መለያዎች ምንም አላመጡም። ትንሽ ከተጨናነቅን በኋላ ትራሽ ውስጥ እንዳሉ አወቅን፤ የጂሜይል ፍለጋ «የትም ቦታ» ካላልከው ትራሽና ስፓም ውስጥ አይገባም።

ኋላ የጋምን ሰነድ ስናገላብጥ ምን ብናገኝ ጥሩ ነው? አንዱን ሌብል ከሌላው ጋር የሚያዋህድ «ሜርጅ» የሚባል አማራጭ አላት። አሮጌውን አስቀምጪው ብትላት ታስቀምጠዋለች። ልጁ አነበበው፣ ላፕቶፑን ከደነ፣ ወጣ ብሎ አየር ወስዶ ተመለሰ።

የቀረው አካውንታንቷ ፈቃድ ከወጣች በኋላ የገቡት ደብዳቤዎች ናቸው፣ እነሱ የትም ቅጂ የላቸውም። እትዬ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። እሷ «ይሄ የኔ ነው፣ ይሄ የግዢ ነው» ትላለች፣ እሱ ይለጥፋል። «ዋናው ጽ» ላይ ሲደርሱ «ይሄንንስ?» አላት። «እሱን ተወው» አለችው፣ «ለዛሬ ይበቃናል።»